አፈር የሚቀምሱት መሐንዲስ

ጋሽ ደጀኔ ማረፋቸውን የነገረችኝ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ክሊኒክ ነው የምትሠራው። ከዚያ ደውላ «እማዬ፣ ቁጭ ብለሻል?» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ስማቸውን ስትጠራ ሰፌዱን መሬት አስቀመጥኩና አማተብኩ። ልጄ እኚህን ሰው ሁለት ጊዜ እንኳ አላየቻቸውም። የምታውቃቸው ጸሎት ሳደርስ ከአባቷ ስም ቀጥዬ ስማቸውን ስለምጠራ ነው። ለምን እንደምጠራ ጠይቃኝ ታውቃለች። ውለታ አለብኝ ከማለት ሌላ ነግሬያት አላውቅም።

ቀብሩ እዚሁ አዳማ ነበር። ሰው ብዙ አልመጣም። የሕይወት ታሪካቸውን አንድ የዘመድ ልጅ አነበበው፤ ደራ ተወለዱ፣ አሰላ ተማሩ፣ ውጭ አገር ሄደው የሴራሚክ ምህንድስና አጠኑ፣ ተመልሰው አገራቸውን አገለገሉ። ከዚያ ጽሑፉ ብዙ ዓመት ዘለለና «ባደረባቸው ሕመም» አለ። ከኋላዬ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመው ነበር። አንደኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያ የሲኒ ሥራ የተበላሸው በሳቸው ስህተት አይደለም እንዴ ሲል ጠየቀ። ሌላው፣ አዎ፣ ፍል ውሃ ጨምሩበት ብለው በጽሑፍ አዘው ነው፣ ያን ያህል ተምረው፣ አለ። አፈሩ እየተመለሰ ነበር። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለምጃለሁ።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። ባለቤቴ ወታደር ነበር፤ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ደብዳቤው ተቋረጠ። ሦስት ልጆች ይዤ ቀረሁ፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ቀበሌው የዘማች ሚስት መሆኔን ጽፎ ሰጠኝና ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለ አንድ የመንግሥት የሙከራ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ገባሁ። ጣቢያ ይባል እንጂ አንድ ረጅም የቆርቆሮ መጋዘን፣ በናፍጣ የሚነድ ምድጃ፣ ሦስት የውሃ በርሜልና አንድ ጠረጴዛ ነበር። የሚሠራው ሲኒ ነው። የሚጠጣበት ሲኒ አይደለም፤ የመብራት ምሰሶ ላይ ሽቦውን የሚሸከመው ነጩ ሸክላ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው እንዳያልፍ የሚያግደው እሱ ነው። ያኔ ሁሉም ከውጭ ነበር የሚመጣው።

ጋሽ ደጀኔ የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ካፖርታቸው ሁልጊዜ ነጭ አቧራ እንደለበሰ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳያቸው አፈር ሲቀምሱ ነበር። ከደቡብ በመኪና የመጣ ነጭ አፈር ነው፤ ከጆንያው በጣታቸው ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ፣ በፊት ጥርሳቸው አደቀቁ፣ ተፉ። አሸዋ አለው፣ ግን ንጹሕ ነው አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ስሜን ጠየቁኝ።

ምድጃውን የሚያነዱት ኦቦ ገመዳ የወለንጪቲ ሰው ነበሩ። «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም ካሉኝ በኋላ ፊቴን አይተው ሳቁብኝ።

«አትደንግጪ። ሌላው ሰው ሲሞት ነው አፈር የሚበላው፤ ይሄ ሰውዬ በቁሙ ጀመረ።»

«አንተስ በቁምህ እሳት ገብተህ የለም?» አሏቸው ጋሽ ደጀኔ፣ ቀና ሳይሉ። በየቀኑ እንዲህ ነበር የሚባባሉት።

ሌላው ልማዳቸው ማንኳኳት ነበር። ከምድጃ የወጣውን እያንዳንዱን ሲኒ በጣታቸው አንጓ መታ አድርገው ጆሯቸው ሥር ይይዙታል። ጤነኛው ቀጭንና ረጅም ድምፅ አለው። የተሰነጠቀው፣ ስንጥቁ በዓይን ባይታይም፣ ድምፁ አጭር ነው፤ እንጨት የመቱ ይመስላል። እኔንም አስተማሩኝ። ዓይኔን አስጨፍነው አንዱን ያንኳኩና «ይሄስ?» ይላሉ። በዓመት ውስጥ የማልስት ሆንኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ እሳቸው ግን እንግዳ ሲመጣ ጆሮዋ ከኔ ይበልጣል እያሉ ያስተዋውቁኝ ነበር። ከዚያ በፊት በምንም ነገር ከማንም እንደምበልጥ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የተሰነጠቀውን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው በመዶሻ ይሰብሩታል። ሰው ምሰሶ ላይ ወጥቶ ይሞትበታል ይሉ ነበር። የሆነውን ሁሉ ደግሞ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ነው፤ የአፈሩ ልክ፣ የአሸዋው ልክ፣ ምድጃው ስንት ሰዓት እንደነደደ፣ የማን እጅ እንደሠራው። ሲሳሳቱም ይጽፋሉ። «ዛሬ ተሳስቻለሁ» ብለው የጻፉበትን ገጽ አይቻለሁ። መዝገቡ ላይ አንድ ሐሰት ከገባ ከዚያ በኋላ የምንሠራው ሁሉ ሐሰት ነው ይሉን ነበር።

በውሃ ነገር ድርድር አያውቁም። የዝናብ ውሃ ብቻ። ክረምት ከጣሪያው የምንሰበስበው ውሃ በሦስቱ በርሜል ተከድኖ ዓመቱን ይቆያል። በርሜሎቹን መጠበቅ፣ ውሃውን መቅዳትና ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ የእኔ ሥራ ነበር።

የሚለፉት ለሲኒ ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ ወደ ላንጋኖ በኩል መሬት ተቆፍሮ እንፋሎት ሲወጣ አይተው መጡ። ሁለት ቀን ሌላ ወሬ አላወሩም። ከእግራችን ሥር እሳት አለ፣ በዚያ እንፋሎት ይህን ሁሉ ከተማ ማብራት ይቻላል፣ ነገር ግን ከመሬት የሚወጣው ፍል ውሃ ጨው ስላለበት የብረቱን ቧንቧ ይበላዋል አሉን። ብረቱን ከውስጥ የሚለብስ ሸክላ ለማግኘት ነበር ሐሳባቸው። በመደርደሪያው ጥግ ጣት የሚያህሉ የሸክላ ቱቦዎች ነበሯቸው። በጨው ውሃ ይቀቅሏቸዋል፣ ያደርቋቸዋል፣ ይመዝኗቸዋል። ለዚህ ሥራ የሚከፍላቸው አልነበረም፤ ከሲኒው ሥራ በተረፈ ሰዓት ነው የሚሠሩት። ቱቦዎቹን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ስለ ፍል ውሃና ስለ ጨው የተናገሩትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው ያን ያደረግሁት።

ትንሹ ልጄ በሳንባ ምች ታሞ ሊሞትብኝ ሲል በጣቢያው ላንድሮቨር ወደ ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ልጄ ከዳነ በኋላ ለጸሎት የክርስትና ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ሰው አልነበሩም፤ በዚያ ዘመን ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው ቢፈልግም አይደፍርም። ፈገግ ብለው ስሙን ነገሩኝና «እኔን ተይኝ፣ አስካለ። ለምድጃው ጸልዪለት» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነበር። እኔ ግን አደራ ብዬ ያዝኩት።

ያን ዓመት ሦስት ጊዜ አንድደን ሦስቱንም ጊዜ ግማሹ ተሰነጠቀ። በጣቢያው ጓድ ተፈራ የሚባል የፖለቲካ ኃላፊ ነበረ። ሰብስቦን፣ ለሠራተኞች ቀን በደራ መንገድ ላይ በተመሠረተው አዲስ መንደር መብራት ሊበራ ነው፣ ምሰሶው ላይ የሚወጣውም በአገር አፈር የተሠራ ሲኒ ይሆናል ብለን ለበላይ ቃል ገብተናል አለ። ጋሽ ደጀኔ ጊዜ ጠየቁ። ጥፋቱ አሁን እንደገባቸው፣ ምድጃው ቶሎ እየቀዘቀዘ እንደሆነ፣ ማቀዝቀዙን ሦስት ቀን ቢያስረዝሙት እንደሚሳካ ተናገሩ። ጓድ ተፈራ ሳያስጨርሳቸው ተነሣ።

«ጓድ ደጀኔ፣ አብዮቱ አንተ አፈርህን በልተህ እስክትጠግብ አይጠብቅም።»

የሳቁም ነበሩ። ካልተሳካ ጣቢያው እንደሚዘጋ ያን ቀን ሁላችንም ገባን። እኔ ያሰብኩት ስለ ልጆቼ ነው።

ዐቢይ ጾም ነበር። ጋሽ ደጀኔ ለአንድ ሳምንት ሴሚናር አዲስ አበባ ተጠሩ። ከመሄዳቸው በፊት የሳምንቱን ሥራ መዝገቡ ላይ ጻፉና ለሁላችንም አነበቡልን። ቅርጹን አውጡ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ፣ እኔ ሳልመጣ እሳት እንዳይነካው አሉ። ወደ ላንድሮቨሩ ሲገቡ ለኦቦ ገመዳ፣ አሁንስ ይሆናል፣ አሏቸው። ሲተማመኑ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጋሪ ተሳፍሬ ወደ አዋሽ በሚወርደው መንገድ ካለው ጠበል ሄድኩ። ከመሬት የሚፈልቅ ፍል ጠበል ነው፤ ስንት በሽተኛ ሲድንበት አይቻለሁ። ሁለት ጀሪካን ቀድቼ ተመለስኩ። ከጋሪው ያወረዱልኝ ኦቦ ገመዳ ናቸው። ምንድነው ሲሉኝ ጠበል ነው አልኳቸው። ፈውስ ያድርገው ብለው በር ድረስ ተሸከሙልኝ። የቀረን አንድ በርሜል ነበር፤ እሱም ከግማሽ ወርዷል። በስመ አብ ብዬ ሁለቱን ጀሪካን ገለበጥኩበት። ስለ ጨው አላሰብኩም። ጋሽ ደጀኔ የተናገሩት ስለ ውሃ ነው። ለእኔ ጠበል ውሃ አልነበረም።

በዚያ ውሃ አቦካን፣ ቅርጽ አወጣን፣ አደረቅን። ሐሙስ ዕለት ጓድ ተፈራ መጥቶ የደረቀውን አየና አንድዱ አለ። ኦቦ ገመዳ መሐንዲሱ ሳይመጣ አይሆንም አሉት። በጽሑፍ ነው የምትፈልገው ወይስ በሌላ መንገድ ላስረዳህ፣ አላቸው። ምድጃው ነደደ።

ሰኞ ጠዋት ሲከፈት ጋሽ ደጀኔ ደርሰው ነበር፤ ሻንጣቸውን እንኳ አላስቀመጡም። ሲኒዎቹ ቀልጠው አንዱ በሌላው ላይ ተኝተዋል። ላያቸው እንደ ገነፈለ ወተት አረፋ ይዟል። የሚነሣ አንድም አልነበረም። ጓድ ተፈራ ቆሞ አየና ስልክ ወዳለበት ቢሮ ሄደ።

ጋሽ ደጀኔ ወደ ማድረቂያው ክፍል ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ምድጃው ያልበቃቸው ጥቂት ሲኒዎች መደርደሪያው ላይ ቀርተው ነበር። ላያቸው ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ወጥቶባቸዋል። አንዱን አንስተው ምላሳቸውን አስነኩት። ሌላ አነሱና አስነኩት። ጨው ነው፣ አፈሩን እሳት ላይ ያቀለጠው እሱ ነው አሉ። ከዚያ ወደ በርሜሉ ሄደው ውሃውን በእፍኛቸው ቀመሱ። ያን ሁሉ ጊዜ አፈር ሲቀምሱ የኔን ውሃ ቀምሰው አያውቁም ነበር።

«አስካለ፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?»

ጠበል ነው አልኳቸው። ስለ ሁለቱ ጀሪካን ነገርኳቸው። ለምድጃው ጸልዪ እንዳሉኝም ነገርኳቸው። ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

«ልጆችሽ ሦስት ናቸው አይደል?» አሉ።

«ሦስት ናቸው።»

«ከባልሽ ወሬ አለ?»

«የለም ጋሼ።»

ተነሥተው መዝገቡን አመጡና ከመሄዳቸው በፊት የጻፉትን ገጽ ገለጡ። ከታች ባዶ መስመር ነበረ። በዚያው እስክሪብቶ፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ ጨመሩበት። ከዚያ እንዳልስተው ቀስ ብለው አነበቡልኝ፤ «የዝናቡ ውሃ ካነሰ ከፍል ውሃ ይጨመር።»

ያደረግሁትን ራሴ እናገራለሁ አልኳቸው።

«ምን ብለሽ? ጠበል ካልሽ ሁለት ክስ ነው፤ አሻጥርም አድኃሪነትም። እኔን ይፈልጉኛል፤ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው የላቸውም። ወር ሁለት ወር አስረው ይለቁኛል። አንቺን የሚፈልጉሽ ልጆችሽ ብቻ ናቸው።»

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞሩ። «ደግሞም ውሃውን መቅመስ የኔ ሥራ ነበር» አሉ።

እሺ አልኩ። የተሸከምኩት ነገር ይህ ነው። ጠበሉን በቅን ልቤ ነው የጨመርኩት፤ እሺ ያልኩት ግን አውቄ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሰዎች በመኪና መጡ። ጓድ ተፈራ መዝገቡን ከፍቶ ያን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ። ጽሑፉ የማን እንደሆነ ጠየቀ፤ የእኔ ነው አሉ ጋሽ ደጀኔ። ውሃውን ማን ጨመረ ተባለ፤ እኔ አልኩ። በማን ትእዛዝ አሉኝ። መዝገቡን አየሁና «በተጻፈው» አልኩ። ኦቦ ገመዳን ጠየቋቸው። ጀሪካኑን ያወረዱልኝ እሳቸው ናቸው። ዓርብ ዕለት ሲነበብልንም ያ መስመር እንዳልነበረ ሰምተዋል። ጋሽ ደጀኔን አዩአቸው፣ እኔን አዩኝ።

«እኔ የማውቀው እሳት ነው» አሉ። «ውሃ አላውቅም።»

ጋሽ ደጀኔ አቧራማ ካፖርታቸውን አውልቀው አጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ወሰዷቸው።

ሁለት ወር ያሉት ሦስት ዓመት ሆነ። ጣቢያው ተዘጋ። ቱቦዎቹን ጠርገው ከፍርስራሹ ጋር ጣሏቸው። እኔ ልብስ እያጠብኩ ልጆቼን አሳደግሁ። እስር ቤቱ በር ላይ አንድ ቀን ብቻ ሄድኩ። ዳቦ ይዤ ስንቅ ከሚያቀብሉት ሰልፍ ገባሁ። ከፊቴ የቆሙት እህታቸው እትዬ ወይንሸት ሆኑ። ማን ነሽ አሉኝ። አብሬያቸው እሠራ ነበር አልኳቸው። አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። «አንቺ እንኳ አልረሳሽውም» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መሄድ አልቻልኩም።

ሲፈቱ ሊጠይቋቸው ከሄዱት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። በአሰላ መንገድ ካለው የእህታቸው ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። ምን ይዤ እንደምሄድ ቸግሮኝ ጣቢያው ከመዘጋቱ በፊት ከድሮዎቹ ደህና ሲኒዎች አንዱን ደብቄ ስለነበር እሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ሲያዩት ፊታቸው በራ። እንደ ልማዳቸው በጣታቸው አንጓ መታ አደረጉና ግራ ጆሯቸው ሥር ያዙት። ቆዩ። ወደ ቀኝ ጆሯቸው አዞሩትና ደግመው መቱት።

«ደህና ነው» አሉ።

ድምፁ አጭር ነበር። እንጨት የመቱ ይመስላል። ሦስት ዓመት ሳስቀምጠው ልጆቹ ጥለውት ይሁን፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ስንጥቅ ነበረው። ጆሮ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸውና ሰማሁት።

«አዎ ጋሼ፣ ደህና ነው» አልኳቸው።

እትዬ ወይንሸት ሲሸኙኝ በር ላይ ነገሩኝ። በምርመራ ጊዜ በተመቱት ብዛት የአንዱ ጆሯቸው ታምቡር ተቀዷል፤ ሌላውም የሚሰማው ከቅርብ ሲጮኹ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሚጠራቸው ሥራ አላገኙም። መንግሥት ተለወጠ፤ ያኔም የፈለጋቸው የለም። በዓል በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ። ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ ጆሯቸው ሥር ጮኬ እነግራቸዋለሁ። ስለዚያ ሳምንት አንድም ቀን አላነሡብኝም። ባለቤቴ እንዳልተመለሰ ያውቁ ነበርና ስለ እሱም መጠየቁን ተዉት።

ለነፍስ አባቴ ተናግሬያለሁ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ፈጸምኩ። ቀኖናው ለእኔ ነፍስ ነው። ለጋሽ ደጀኔ ስም ምንም አላደረገም። ይህን ያወቅሁት እነዚያ ሽማግሌዎች ከኋላዬ ሲያወሩ ስሰማ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሠልስት ላይ እንግዳው ሲቀል እትዬ ወይንሸትን ጓዳ ጠራኋቸውና ነገርኳቸው። ቆመው ነው የሰሙኝ። ስጨርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«በስህተቴ ነው ይለኝ ነበር» አሉ። «ስንቅ ይዤለት እየሄድኩ ተቆጥቼዋለሁ። ያ ሁሉ ትምህርት ምን ጠቀመህ ብዬዋለሁ። ዝም ብሎ ይሰማኝ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «ልጆችሽስ የት ደረሱ?»

ትልቋ ነርስ፣ ሁለተኛው አስተማሪ፣ ትንሹ ሾፌር እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ይባርካቸው» አሉ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልለመንኳቸውም። ሊነሡ ሲሉ እጄን ያዙ። «ለእኔ ነገርሽ። በቀብሩ የተነበበውን ግን ሰው ሁሉ ሰምቷል። ጻፊውና አምጪው። አርባው ላይ ይነበባል።»

ስለዚህ ጻፍኩት። ልጆቼም ያን ቀን እዚያው ቆመው ይሰሙታል፤ አስቀድሜ አልነገርኳቸውም። እግዚአብሔር ሦስቱንም አሳድጎልኛል፣ አመሰግነዋለሁ። በማን ጆሮ እንዳደጉ ማወቅ አለባቸው።

ጋሽ ደጀኔ ስህተት ሲያገኙ መዝገቡ ላይ ይጽፉት ነበር። መዝገቡ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። እዚህ እጽፈዋለሁ።

የዚያ ሳምንት ገጽ የመጨረሻው መስመር ሐሰት ነው። በርሜሉ ውስጥ ሁለት ጀሪካን ጠበል የጨመርኩት እኔ አስካለ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። መሐንዲሱ የዝናብ ውሃ ብቻ ብለው ነበር።